ሲናሪዮ ስቀያይር ከፊቴ ያለው ግራፍ የየትኛው ነው?

ጀማሪ_ሞዴለር፦

ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ማጠራቀሚያ የውሃ ይዞታ ከወር ወር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ ሞዴል በሲሙሌሽን ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው። ሞዴሉ ራሱ ቀላል ነው፤ የሚገባ ውሃ አለ፣ ለተጠቃሚ የሚለቀቅ አለ፣ በትነት የሚጠፋ አለ፣ ማጠራቀሚያው ከሞላም ትርፉ ይፈስሳል። ማጠራቀሚያው 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲሆን ስሌቱ የሚነሣው 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ካለበት ነው፤ የማየውም 36 ወራትን ነው። ሲናሪዮ የምለው «እንዲህ ቢሆንስ?» ብዬ የምሞክረውን አንድ የግብዓት ቁጥሮች ስብስብ ነው። «መነሻ» ባልኩት ሲናሪዮ በየወሩ 1.2 ሚሊዮን ይገባል፣ 1.0 ሚሊዮን ይለቀቃል፣ 0.1 ሚሊዮን ይተናል። «ድርቅ» በሚለው ገቢው ወደ 0.7 ሚሊዮን ይወርዳል፤ «ፍጆታ» በሚለው የሚለቀቀው ወደ 1.2 ሚሊዮን ያድጋል፤ «ሁለቱም» በሚለው ድርቁም የፍጆታ ዕድገቱም አብረው እንዲመጡ አስቤያለሁ።

ያስቸገረኝ እነዚህን ሲናሪዮዎች እየቀያየሩ ማየቱ ነው። ከዝርዝሩ ሌላ ሲናሪዮ ስመርጥ ግራፉ አንዳንድ ጊዜ ወዲያው ይለወጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ባለበት ይቀራል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይከፈታል፤ ስለዚህ ከፊቴ ያለው መስመር የየትኛው ሲናሪዮ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አቅቶኛል። ይባስ ብሎ «ሁለቱም» እና «ድርቅ» እስከ ቁጥራቸው ድረስ አንድ ሆነውብኛል፤ በአንዱም በሌላውም ውሃው የሚያልቀው በ15ኛው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ፍጆታ ሲጨመርበት ከዚያ ቀድሞ ማለቅ አልነበረበትም? እስካሁን ሲናሪዮዎቹን የማወዳድረው የእያንዳንዱን ግራፍ ስክሪንሾት አንሥቼ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን በመለጠፍ ነው፤ የተሻለ መንገድ እንደሚኖር እገምታለሁ። ወደፊት የሚገባውን ውሃ ቋሚ ቁጥር ከማድረግ ይልቅ በየወሩ በዘፈቀደ እንዲለዋወጥ ስለማደርገው፣ ያን ጊዜ ንጽጽሩ እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁም ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል።

ቀመረኛው፦

እርስዎ «መቀያየር» ብለው በአንድ ቃል የጠሩት ነገር በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ነው፤ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አንደኛው ሞዴሉ የትኞቹን የግብዓት ቁጥሮች እንደሚይዝ መምረጥ ነው። ሁለተኛው በእነዚያ ቁጥሮች ሞዴሉን ማስኬድ ነው። ሦስተኛው ቀደም ሲል ተሰልተው ከተቀመጡት ውጤቶች የትኛው በግራፉ ላይ እንደሚታይ መምረጥ ነው። ከዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሲመርጡ የሚፈጸመው የመጀመሪያው ብቻ ይሁን ወይስ ሦስቱም፣ ይህ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል፤ በአንድ ሶፍትዌር ውስጥም ቢሆን ከግራፍ ግራፍ ሊለያይ ይችላል።

በዚህ ዓይን ካዩት ያጋጠሙዎት ሦስቱ ነገሮች እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው። ግራፉ ወዲያው የሚለወጠው ለመረጡት ሲናሪዮ የተቀመጠ ውጤት ስላለ ነው። ባዶ ሆኖ የሚከፈተው ያ ሲናሪዮ ገና ስላልተሰላ፣ ወይም ከተሰላ በኋላ አንድ ነገር ነክተው ውጤቱ ስለተሰረዘ ነው። ባለበት የሚቀረው ደግሞ ግራፉ የታሰረው ከመረጡት ስም ጋር ሳይሆን ከአንድ ከተወሰነ ስሌት ጋር ሲሆን ነው፤ እርስዎ ግብዓቱን ቀይረዋል፣ ግራፉ ግን የቀድሞውን ስሌት ማሳየቱን ቀጥሏል። ከሦስቱ አደገኛው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ባዶ ግራፍ ማንንም አያሳስትምና።

የሶፍትዌርዎን ስም ስላልጠቀሱ ከተለመዱት ላነጻጽር። የኤክሴል ሲናሪዮ ማናጀር አንድን ሲናሪዮ እንዲያሳይ ሲታዘዝ የሲናሪዮውን ቁጥሮች በሴሎቹ ላይ ጽፎ ወዲያው ያሰላል፤ ለእያንዳንዱ ሲናሪዮ ለብቻው የተቀመጠ ውጤት የሚባል ነገር የለውም። እንዲያውም በሴሎቹ ላይ የነበሩትን የመነሻ ቁጥሮች አስቀድመው እንደ አንድ ሲናሪዮ ካልመዘገቧቸው ይጻፍባቸውና ይጠፋሉ፤ የሚያወጣው የማጠቃለያ ሠንጠረዥም በኋላ ቁጥር ቢለወጥ ራሱን አያድስም። ቬንሲም የሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር በተቃራኒው እያንዳንዱን ስሌት በሰጡት ስም በራሱ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ግራፉም የተጫኑትን ስሌቶች ሁሉ በአንድ ላይ ይሥላል። ስለዚህ እዚያ ዘንድ ማየት ማለት የትኞቹ ስሌቶች ይጫኑ፣ የትኞቹ ይውረዱ ብሎ መወሰን ነው፤ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ካስኬዱ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካዋል። የወንዝ ፍሰት የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት ሄክ ራስ ደግሞ «ፕላን» የሚል አሠራር አለው፤ አንድ ፕላን አንድን የወንዝ ቅርጽ ከአንድ የፍሰት መረጃ ጋር ያጣምራል፣ ውጤቱም በፕላኑ ስም ይቀመጣል፣ ሲታይም ብዙ ፕላኖችን በአንድ ሥዕል ላይ መደራረብ ይቻላል።

የእርስዎ ሶፍትዌር ከእነዚህ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ለማወቅ አጭር ሙከራ ይበቃል። ሁሉንም ሲናሪዮዎች አንድ ጊዜ ያስኪዱ፤ ከዚያ ምንም ሳይነኩ ስሞቹን ብቻ ይቀያይሩና ግራፉን ይመልከቱ። ቀጥሎ የአንዱን ሲናሪዮ አንድ ግብዓት ይለውጡ፣ ግን አያስኪዱት፤ ከዚያም የሁሉንም ግራፍ እንደገና ይመልከቱ። ውጤቱ የጠፋው የዚያ ሲናሪዮ ብቻ ነው፣ የሁሉም ነው፣ ወይስ የማንም? ያገኙት መልስ አብዛኛውን ጥያቄዎን ይመልስልዎታል።

ውሃ_ልክ፦

ቀመረኛው ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ የእርስዎን «ሁለቱም» በእጅ አስልቼ ልመልስ፤ ሞዴሉ ለዚህ የሚመች ነውና። በ«መነሻ» በየወሩ 1.2 ይገባል፣ 1.1 ይወጣል፤ ስለዚህ ይዞታው በወር 0.1 ሚሊዮን ይጨምራል፣ የቀረውን 4 ሚሊዮን ለመሙላትም 40 ወራት ይፈጅበታል። በ«ድርቅ» በወር 0.4 ሚሊዮን ይቀንሳል፤ 6 ሚሊዮኑ በ15 ወር ያልቃል። በ«ፍጆታ» በወር 0.1 ሚሊዮን ስለሚቀንስ የሚያልቀው በ60 ወር ነው። በ«ሁለቱም» ግን 0.7 ገብቶ 1.3 ስለሚወጣ በወር 0.6 ሚሊዮን ይጎድላል፤ ማለቅ ያለበት በ10ኛው ወር ነበር። እርስዎ ያዩት 15 የ«ድርቅ» ቁጥር ነው። በነገራችን ላይ የሚያዩት 36 ወራት ብቻ ስለሆነ በ«ፍጆታ» ግራፍ ላይ መጨረሻው 2.4 ሚሊዮን ሆኖ ይታያል እንጂ ማለቁ አይታይም፤ በመነሻውም ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሲፈስስ አያዩም።

እንግዲህ 15 ከየት መጣ? ሊሆን የሚችለው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የ«ድርቅ» የቀድሞ ውጤት ነው በ«ሁለቱም» ስም የሚታየው፤ ወይም «ሁለቱም» በትክክል ተሰልቷል፣ ነገር ግን የያዘው የፍጆታ ቁጥር 1.2 ሳይሆን 1.0 ነው። እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው። ሲናሪዮ በአብዛኛው የሚፈጠረው ከሌላ ሲናሪዮ በመውረስ ነው፤ ልጁ ራሱ ያልለወጠውን ቁጥር ሁሉ ከወላጁ ይወስዳል። «ሁለቱም»ን ከ«ድርቅ» ሥር ከፈጠሩት ገቢውን ከ«ድርቅ» ይወርሳል፣ ፍጆታውን ግን «ድርቅ» ራሱ ከ«መነሻ» የወረሰውን 1.0 ያገኛል። «ፍጆታ» በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ ወንድም እንጂ ወላጅ አይደለም፤ ከወንድም ደግሞ አይወረስም። ለኢነርጂ ዕቅድ የሚያገለግለውን ሊፕን የመሰሉ አንዳንድ ሶፍትዌሮች አንድ ሲናሪዮ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሲናሪዮዎች እንዲወርስ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ግን ተጠይቆ የሚሰጥ እንጂ በራሱ የሚመጣ አይደለም።

ለማረጋገጥ «ሁለቱም»ን ይምረጡና ግራፉን ትተው የግብዓቱን ቁጥር ራሱን ይክፈቱት። ሊፕ በሲናሪዮው ውስጥ በቀጥታ የተጻፈውን በሰማያዊ፣ የተወረሰውን በጥቁር ያሳያል፤ ቬንሲምም በተጫኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሌቶች መካከል የትኞቹ ቋሚ ቁጥሮች እንደሚለያዩ የሚዘረዝር መሣሪያ አለው። የእርስዎም ተመሳሳይ ነገር ካለው ከግራፍ በፊት እሱን የማየት ልማድ ቢኖርዎ መልካም ነው። ከሌለው ደግሞ በ«ሁለቱም» ላይ ፍጆታውን ለሙከራ 3.0 አድርገው ያስኪዱት። 15 ከቦታው ካልተነቃነቀ የሚያዩት አሮጌ ውጤት ነው።

ጀማሪ_ሞዴለር፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ነገሩ ውሃ_ልክ እንደጠረጠሩት ሆኖ ተገኝቷል፤ «ሁለቱም»ን የፈጠርኩት «ድርቅ»ን ቀድቼ ነበር፣ ፍጆታውም 1.0 እንደሆነ ቀርቷል። 1.2 ብዬ ሳስኬደው በትክክል በ10ኛው ወር መጨረሻ አለቀ። ስሙን «ሁለቱም» ስላልኩት ብቻ ሁለቱንም የያዘ መስሎኝ ነበር።

አሁን ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ። በድርቅ ጊዜ ትነቱም ይጨምራል ብዬ «ድርቅ»ን መርጬ ትነቱን ከ0.1 ወደ 0.15 ለወጥኩትና አስኬድኩት፤ ውሃው የሚያልቅበት ጊዜ ከ15 ወር ወደ 13 ወር ከሲሶ ገደማ ወረደ። ከዚያ ወደ «መነሻ» ስመለስ እዚያም ትነቱ 0.15 ሆኖ አገኘሁት፤ የ«መነሻ» ግራፍ ግን እንደ ድሮው በወር 0.1 ሚሊዮን ሲጨምር ያሳያል። ይህ የሶፍትዌሩ ስሕተት ነው ወይስ የእኔ?

ቀመረኛው፦

የማንም ስሕተት አይደለም ለማለት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ስሑት ነው። በሞዴልዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች አሉ፤ ከሲናሪዮ ሲናሪዮ እንዲለያዩ ተብለው የተመዘገቡና የሁሉም የጋራ የሆኑ። ገቢውንና ፍጆታውን ሲናሪዮዎቹን ሲፈጥሩ መዝግበዋቸዋል፤ ትነቱን ግን አልመዘገቡትም። ያልተመዘገበ ቁጥር የሞዴሉ አካል ነው፤ የትኛውንም ሲናሪዮ መርጠው ቢለውጡት የሚለወጠው ለሁሉም ነው። ከላይ በዝርዝሩ ላይ «ድርቅ» ተብሎ መጻፉ ለዚያ ቁጥር ምንም ማለት አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ግራፉ ነው። «መነሻ» አሁን የያዘው ትነት 0.15 ስለሆነ እንደገና ቢያስኬዱት በወር የሚጨምረው 0.05 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል፤ የሚታየው ግን ትነቱ 0.1 በነበረበት ጊዜ የተሰላው ነው። አዲሱን «ድርቅ» ከአሮጌው «መነሻ» ጋር እያወዳደሩ ነው ማለት ነው፤ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነትም ከፊሉ የድርቁ፣ ከፊሉ የትነቱ ነው። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ይህን ለመከላከል የተቀመጠ የሲናሪዮ ውጤት እስካለ ድረስ ሞዴሉን ማስተካከል አይፈቅዱም፤ ማስተካከል ከፈለጉ ሁሉንም ውጤቶች እንዲሰርዙ ያስገድዳሉ። ብዙ ተጠቃሚ በዚህ ሲማረር አያለሁ፤ እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ዝም ብሎ አሮጌ መስመር የሚያሳየኝን ሶፍትዌር ነው የምፈራው። የእርስዎ ዝም ከሚሉት ወገን ስለሆነ፣ ትነቱን ከሲናሪዮ ግብዓቶች ጋር ይመዝግቡት፣ የ«መነሻ»ንና የ«ፍጆታ»ን ወደ 0.1 ይመልሱ፣ «ሁለቱም» ከ«ድርቅ» 0.15ን መውረሱን ያረጋግጡ፤ ከዚያም አንዱን ሳያስቀሩ አራቱንም እንደገና ያስኪዱ።

ፋይል_በፋይል፦

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚቀረው ለእያንዳንዱ ሲናሪዮ የራሱን የሞዴል ፋይል በማዘጋጀት ነው። እኔ ዓመታት እንዲህ ነው የሠራሁት፤ የፋይሉ ስም የሲናሪዮው ስም ስለሆነ የማየው የየትኛው እንደሆነ ተጠራጥሬ አላውቅም።

ቀመረኛው፦

ለሁለት ሲናሪዮና ከእንግዲህ ለማይነካ ሞዴል አልቃወምም። ነገር ግን በአራት ፋይል ውስጥ አንድ ቀመር ተሳስቶ ቢገኝ አራት ቦታ መታረም አለበት፤ በሦስቱ ታርሞ በአራተኛው ቢረሳ ደግሞ የቀመሩ ልዩነት የሲናሪዮ ልዩነት መስሎ ይቀርባል። የጠያቂው ችግር ከአንድ ቁጥር የመጣ ስለነበር በደቂቃ ተገኘ፤ ከቀመር ቢሆን ኖሮ በእጅ ስሌት እንኳ ላይገኝ ይችል ነበር።

ውሃ_ልክ፦

ስለ ስክሪንሾቱ የመለሰ ሰው ስለሌለ እኔ ልበል። ሥዕል ጎን ለጎን መለጠፍ የሚጎዳው አድካሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ እንመልከት። በመጀመሪያው አሠራርዎ «ፍጆታ» በ12 ወር ከ6 ሚሊዮን ወደ 4.8 ይወርዳል፤ «ድርቅ» ከ6 ወደ 1.2 ይወርዳል። ሶፍትዌሩ ወደ ላይ የቆመውን አክሲስ (የውሃው መጠን የሚለካበትን መስመር) በራሱ የሚመጥን ከሆነ ለመጀመሪያው ከ4.8 እስከ 6፣ ለሁለተኛው ከ1.2 እስከ 6 ያደርገዋል፤ ሁለቱም ከግራ ላይኛው ጥግ ወደ ቀኝ ታችኛው ጥግ የሚወርዱ ቀጥተኛ መስመሮች ሆነው ይወጣሉ። በሥዕል ደረጃ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ሆኖም የአንዱ ጉድለት የሌላው አራት እጥፍ ነው። ሲናሪዮ እየቀያየሩ በአንድ መስኮት ሲያዩም ያው ነው፤ ዓይን መስመሩን ያስታውሳል እንጂ በጎን የተጻፈውን ቁጥር አያስታውስም። ስለዚህ አክሲሱን ከ0 እስከ 10 ሚሊዮን ቆልፈው ያስቀምጡት፤ 10 የማጠራቀሚያው ልክ ስለሆነ ትርጉምም አለው።

ከዚያ የሚሻለው አራቱንም መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ ማድረግ ነው። የሲናሪዮዎቹ ቁጥር ከአምስትና ከስድስት ካለፈ መስመሩ ስለሚወሳሰብ ወደ ሠንጠረዥ መሄድ ይቀላል፤ አሬና የተባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ያለው ፕሮሰስ አናላይዘር የሚባል መሣሪያ የሚሠራው በዚህ መልክ ነው፣ እያንዳንዱ ሲናሪዮ አንድ ረድፍ ይሆናል፣ በረድፉ ላይ መጀመሪያ ግብዓቶቹ ቀጥሎም ውጤቶቹ ይሰለፋሉ። ግብዓትና ውጤት በአንድ ረድፍ ላይ ሲታዩ ያ 1.0 ፍጆታ በ«ሁለቱም» ረድፍ ላይ ራሱን ያጋልጥ ነበር።

ሲድ_ቆጣሪ፦

የዘፈቀደውን ጉዳይ እኔ ልውሰደው። ኮምፒውተሩ ዘፈቀደ እያለ የሚሰጠን ቁጥር ሲድ ከሚባል መነሻ ተነሥቶ በቀመር የሚወጣ ተከታታይ ነው፤ ሲዱ አንድ ከሆነ ተከታታዩም አንድ ነው። ሲዱ በየጊዜው እንዲለወጥ ከተዉት «መነሻ»ን ሁለት ጊዜ ቢያስኬዱ ሁለት መልስ ያገኛሉ፤ ለ«መነሻ» እርጥብ ዓመታት ደርሰውት ለ«ፍጆታ» ደረቅ ዓመታት ቢደርሱት ደግሞ የሚያዩት ልዩነት የፍጆታው ይሁን የዕጣው አይታወቅም። ሁሉም ሲናሪዮዎች በአንድ ሲድ ሲሄዱ ግን እያንዳንዱ ሲናሪዮ ያንኑ የዝናብ ታሪክ ያሳልፋል፤ ይህ የጋራ የዘፈቀደ ቁጥሮች ዘዴ ይባላል።

ጥቅሙ በቁጥር ይታያል። በመጨረሻው ወር የሚቀረው ውሃ በእያንዳንዱ ሲናሪዮ 1.5 ሚሊዮን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ከአማካዩ የመራቅ ልክ) አለው እንበል፤ ቫሪያንሱ፣ ማለትም የዚህ ካሬ፣ 2.25 ነው። ሁለት ሲናሪዮዎች በተለያየ ሲድ ከሄዱ የልዩነታቸው ቫሪያንስ የሁለቱ ድምር፣ ማለትም 4.5 ይሆናል። በአንድ ሲድ ሄደው ኮሪሌሽናቸው (አብሮ የመውጣትና የመውረድ ልካቸው) 0.9 ከሆነ ከዚህ ላይ የኮቫሪያንሱ (የኮሪሌሽኑና የሁለቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖች ብዜት) እጥፍ፣ ማለትም 4.05 ይቀነስና 0.45 ይቀራል። አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው፤ ለልዩነቱ በ1000 ድግግሞሽ (ሞዴሉን በየጊዜው በሌላ የዝናብ ታሪክ ደግሞ በማስኬድ) የሚያገኙትን ትክክለኛነት በ100 ያገኙታል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በ«ድርቅ» ላይ ብቻ የፓምፕ ብልሽት በዘፈቀደ የሚያመጣ አካል ጨመሩ እንበል። ያ አካል ቁጥሩን የሚወስደው ከዝናቡ ጋር ከአንድ ተከታታይ ከሆነ፣ ብልሽቱ አንድ ቁጥር በወሰደ ቁጥር ለዝናቡ የሚደርሰው በአንድ ይገፋል፤ ሲዱ አንድ ሆኖ ሳለ ከዚያ ወር በኋላ ሁለቱ ሲናሪዮዎች የተለያየ ዝናብ ያያሉ። ስለዚህ ለዝናብ የራሱ፣ ለብልሽት የራሱ ተከታታይ ይኑረው፤ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ይህን ያስችላሉ።

ሲያዩትም ልዩነቱን ጥንድ በጥንድ ያውጡት፤ የ«ድርቅ» 1ኛ ድግግሞሽ ከ«መነሻ» 1ኛ ድግግሞሽ፣ 2ኛው ከ2ኛው እየተቀነሰ እስከ 100 ይሂድ፣ ከዚያ የእነዚህን ልዩነቶች ሥርጭት ይመልከቱ። አማካይን ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት መንገዱ ለውጥ የለውም፤ የአማካዮች ልዩነት የልዩነቶች አማካይ ነውና። ለሚዲያን (ለመካከለኛው ቁጥር) እና ለፐርሰንታይል (ከውጤቶቹ የተወሰነው መቶኛ ከሥሩ ለሚውልበት ቁጥር) ግን እንዲህ አይሠራም፤ የሁለቱን ሲናሪዮዎች 10ኛ ፐርሰንታይል ተቀናንሶ የሚገኘው ቁጥር የልዩነቱ 10ኛ ፐርሰንታይል አይደለም፣ ሁለቱ ከአንድ ድግግሞሽ ላይመጡ ይችላሉና። ብዙ ሶፍትዌሮች የሲናሪዮዎችን የፐርሰንታይል መስመር ደራርበው ስለሚያሳዩ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በዓይን ለመለካት ያጓጓል።

ጀማሪ_ሞዴለር፦

ትነቱን መዝግቤ፣ አራቱንም እንደገና አስኬጄ፣ አክሲሱን ከ0 እስከ 10 ቆልፌ በአንድ ግራፍ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ካስኬድኩ በኋላ እያንዳንዱን በእጅ ካሰላሁት ጋር አስተያይቻለሁ፤ «መነሻ» በ36ኛው ወር 9.6 ሚሊዮን ላይ ይደርሳል፣ «ፍጆታ» 2.4 ላይ ይቆማል፣ «ድርቅ» በ14ኛው ወር ውስጥ ያልቃል፣ «ሁለቱም» በወር 0.65 እየጎደለው በ10ኛው ወር ውስጥ፣ 9 ወር ከሩብ ገደማ ላይ ያልቃል። ሁሉም ገጥሟል። ገቢውን በዘፈቀደ የማድረጉን ሥራ ነገ እጀምራለሁ፤ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ የዘፈቀደ አካል የራሱን ሲድ መስጠት እንደሚፈቅድ ከወዲሁ አይቻለሁ፣ ሳልነካው የሚመጣው ዲፎልት ግን በየጊዜው የሚለወጥ ሆኖ ነው ያገኘሁት።